ዱባችሁ አበባ እያወጣ ፍሬው ለምን ይረግፋል? በእጅ የማዳቀል መመሪያ

«ዱባዬ አጥሩን ሞልቶታል፤ አበባው ደግሞ ለጉድ ነው። ፍሬ ግን የለም። ትንንሾቹ ዱባዎች ጣት ሳያክሉ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ምን ላድርግ?»

ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከገላን። ዙኪኒ ጓሯቸው የተከሉ ሰዎችም ያንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ከነምክንያቱ አንድ ቦታ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ብናኝ (የወንዴ አበባው ቢጫ ዱቄት) አልደረሰውም። የዱባ ወንዴ አበባ ሌላ ነው፣ ሴቴ አበባም ሌላ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኝ የሚያመላልሰው ንብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በእኛ አካባቢ ጠዋቱ ብርድና ዝናብ ነው። የማር ንብ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ከቀፎው እምብዛም አይወጣም። ዝናብ ካለማ ጭራሽ አይሞከርም። አበባው ደግሞ የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ንቡ ብርዱ እስኪለቀው ሲጠብቅ አበባው ይዘጋል። በቃ፣ የዚያ ቀን ዕድል አመለጠ ማለት ነው።

መፍትሔው የንቡን ሥራ በእጅ መሥራት ነው። ብዙዎች ይሞክሩታል፤ አይሳካላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰዓት ነው። አበባ ውስጥ የትኛው ህዋስ መቼ እንደሚሞት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ይህ በበሽታ ወይም በውሃ ጥም የሚመጣ ሞት አይደለም። ተክሉ ራሱ በትእዛዝ የሚገድላቸው ህዋሳት አሉ፤ ሳይንሱ የታቀደ የህዋስ ሞት ይለዋል። ብናኝ የሚበስለው፣ ብናኙን የያዘው ከረጢት የሚከፈተው፣ የአበባው ቅጠል የሚጠወልገው፣ ዘሩ የሚጸነሰው፣ ሁሉም በዚህ ነው። የእናንተ እጅ ከዚያ ሰዓት ጋር መገጠም አለበት። ስለዚህ በየደረጃው ምን እየሞተ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። እሱን ካወቃችሁ «ለምን በጠዋት?»፣ «ለምን ዛሬ እንጂ ነገ አይሆንም?» የሚለው ራሱ ይመለሳል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የልብስ መቆንጠጫ ወይም ለስላሳ የጥጥ ክር፣ እንቡጥ ለማሰር
- ባለ ቀለም ክር፣ የተዳቀለውን አበባ ለመለየት
- ስለታም ምላጭ ወይም መቀስ
- ውሃ ያለበት ብርጭቆ
- ከታች በኩል የተቆረጠ ሃይላንድ፣ አበባው ላይ ለመድፋት (ዝናብ ይከለክላል)
- እርሳስና ትንሽ ወረቀት፣ ወረቀቱ በላስቲክ ቢጠቀለል ጥሩ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ዝናብ ያጥበዋል፣ እርሳስ ግን ይቆያል።
- ማጉያ መነጽር፣ ካለ

ብሩሽ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም። ወንዴ አበባው ራሱ ከማንኛውም ብሩሽ ይሻላል። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ስለ መብላት ነው። ዱባም ሆነ ዙኪኒ ስትቀምሱት የሚመር ከሆነ ትፉት። ድስቱንም ድፉት፤ መቀቀል አያድነውም። ምሬቱ የሚመጣው ኩከርቢታሲን ከሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ለጌጥ ከሚተከሉ መራራ ዱባዎች ጋር ከተዳቀለ ዘር ነው። ስለዚህ አጥር አጠገብ የጌጥ ዱባ ካለ ከዙኪኒያችሁ ዘር አታስቀሩ። ካስቀራችሁም ደረጃ 2 እና 6ን ሳትዘሉ ሥሩ።

ሁለተኛው፦ አበባ በተከፈተበት ጠዋት ፀረ ተባይ አትርጩ። ያለችውንም ንብ ይፈጃል። መርጨት የግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ፣ አበባው ከተዘጋ በኋላ ይሁን።

ሦስተኛው፦ የዱባ ቅጠልና ሐረግ ጸጉራም ነው፤ ቆዳ ያሳክካል። እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ልበሱ።

ደረጃ 1፦ ወንዴና ሴቴውን ለዩ

አበባውን ከሥሩ ተመልከቱ። ሴቴዋ ከቢጫው ቅጠል ሥር ትንሽ ዱባ ይዛለች። ወንዴው የለውም፤ ቀጥ ባለ ቀጭንና ረጅም ዘንግ ላይ ነው የሚቆመው። ውስጡን ስታዩ ወንዴው መሐል ላይ በብናኝ የተሸፈነ አንድ ምሰሶ አለው። ሴቴዋ ደግሞ መሐሏ ላይ የሚያጣብቅና ሦስት ቦታ የተከፈለ ብናኝ መቀበያ አላት።

መጀመሪያ የሚወጡት ወንዴዎቹ ናቸው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሴቴ ላታዩ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ ተክሉንም አትንቀሉት። ፍሬ ሳይዙ የሚረግፉት እነዚህ ወንዴዎች ከሆኑ ችግር የለም፤ ሥራቸው ያ ነው።

እንቡጡ ገና በጣም ትንሽ ሳለ የሁለቱም ፆታ ጅምር አለው። በኋላ አንደኛው ይቆማል፣ ሌላው ያድጋል። በቆሎ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ አናቱ ላይ ባለው አበባ ውስጥ የሴቴው ጅምር ህዋሳት በትእዛዝ ይሞታሉ፣ ወንዴው ብቻ ይቀራል። ጓሯችሁ በቆሎ ካለ አናቱ ላይ እሸት የማታገኙት ለዚህ ነው።

ሴቴዋ ውስጥም አበባው ከመከፈቱ በፊት ሞት ተከናውኗል። ትንሿ ዱባ ውስጥ ገና ዘር ያልሆኑ ብዙ እጩ ዘሮች አሉ። በእያንዳንዱ እጩ ዘር ውስጥ አንድ እናት ህዋስ ለአራት ትከፈላለች። ሦስቱ ይሞታሉ፣ አንዷ ትተርፋለች። የተረፈችው ተከፋፍላ እንቁላሏንና አጃቢዎቿን ትሠራለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው እንቡጡ እያደገ ባለበት ጊዜ ስለሆነ በዚያ ሳምንት ተክሉ ውሃ እንዳይጠማው፣ ውሃም እንዳይተኛበት ጠብቁ። ትንሿን ዱባም በጣት እየጨመቃችሁ አትፈትሹ። ስትጎዳ ትረግፋለች።

ደረጃ 2፦ ነገ የሚከፈቱትን እንቡጦች ዛሬ ማታ ያዙ

አመሻሽ ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ወደ ጓሮ ውጡ። ነገ የሚከፈት እንቡጥ ያስታውቃል። ረዝሟል፣ ጫፉ ሾሏል፣ አረንጓዴው ለቅቆት ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኗል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፣ ተዉት።

ሴቴዋን ሐረጉ ላይ እንዳለች ጫፏን በመቆንጠጫ ያዙ ወይም በክር እሰሩ። ሃይላንዱንም ድፉባት። የምታስሯት ሌሊት በዘነበው ዝናብ ውስጧ እንዳይርስ፣ ዘር የምታስቀሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነፍሳት ቀድሞ የማታውቁትን ብናኝ እንዳያመጣ ነው። ለመብል ብቻ ከሆነ ማሰሩን መተው ይቻላል፤ ክዳኑን ግን አትተዉ።

ወንዴውን በሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። ጠዋት ብራ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ ሐረጉ ላይ እሰሩት። ክረምት ላይ ግን የምመክረው ሌላ ነው። እንቡጡን ከረጅም ዘንጉ ጋር ቁረጡና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁማችሁ ቤት አሳድሩት። ጠዋት ቤት ውስጥ ይከፈታል። ለአንዲት ሴቴ ሁለት ወንዴ አዘጋጁ።

ይህ ትንሽ ዘዴ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ምክንያቱ ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ደረጃ 3፦ ብናኙ መውጣቱን አረጋግጡ

ጥሩው ሰዓት በአብዛኛው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋቷ ከአቃቂና ከዱከም ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ አበባው ዘግይቶ ይከፈታል። ሰዓት ብቻ አይታችሁ አትጀምሩ። በጣታችሁ ፈትሹ።

የወንዴውን ቢጫ ቅጠል ወደ ኋላ ግለጡና መሐሉን ምሰሶ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ጣታችሁ ላይ ቢጫ ደቃቅ ፍሬ ፍሬ ነገር መቅረት አለበት። የዱባ ብናኝ ከብዙ ተክሎች ብናኝ ይተልቃል፤ አንዱ ፍሬ ከሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ በላይ ይደርሳል። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ያለ መነጽርም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ያየዋል። አሁን ሁለቱን ጣቶቻችሁን አሹ። ቅባት ቅባት ይላል፣ ይጣበቃል፣ ቢጫው በቀላሉ አይለቅም።

ያ ቅባት የሞቱ ህዋሳት ቅሪት ነው። ብናኙ በሚያድግበት ከረጢት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ታፔተም የሚባል የህዋስ ንጣፍ አለ። ታፔተም ለብናኙ ምግብ ያቀርባል፣ ለውጭ ቅርፊቱ መሥሪያ ይሰጣል። ሥራውን ሲጨርስ በትእዛዝ ይሞታል፣ ይፈርሳል። ፍራሹ ብናኙ ላይ ይለጠፋል። ብናኙን ንብ ጀርባ ላይ፣ ሴቴዋም ላይ የሚያጣብቀው እሱ ነው።

ሞቱ በሰዓቱ መሆን አለበት። ቤት ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ቆሞ አይታችሁ የለ? ግንቡ ሳያልቅ ከፈረሰ ሠራተኛው ይወድቃል። አልቆም ካልፈረሰ ሰው አይገባበትም። ታፔተምም እንደዚያው ነው። ቀድሞ ከሞተ ብናኙ በረሃብ ይጨማደዳል፤ ሳይሞት ከቆየም ብናኙ በአግባቡ አይበስልም። በሁለቱም መንገድ አበባው መካን ይሆናል። ብርድ ይህን ሰዓት እንደሚያዛባ ሩዝ ላይ በደንብ ይታወቃል፤ ብናኝ በሚሠራባቸው ቀናት ብርድ የመታው ሩዝ ባዶ ገለባ ያፈራል። ስለዚህ ከከባድ ብርድ በኋላ የተከፈተ ወንዴ ስትነኩት ብናኙ ጥቂት፣ የተጨማደደና ደረቅ ከሆነ አትጠቀሙበት። ከሌላ ቀን እንቡጥ ሞክሩ።

ብናኙ በስሎም ግን ከረጢቱ ላይከፈት ይችላል። ከረጢቱን የሚዘጉ ጠባብ የህዋስ መስመሮች አሉ። እነሱም ተራቸው ሲደርስ ይሞታሉ፣ መስመሩ ይሳሳል። ከዚያ የከረጢቱ ግድግዳ ውሃ እያጣ ሲሸማቀቅ በሳሳው መስመር ይቀደዳል። መሞቱ የተክሉ ሥራ ነው፤ መድረቁ ግን አየሩን ይፈልጋል። ጭጋግ ባለበት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ጠዋት መድረቁ ይጓተታል። ወንዴውን ቤት አሳድሩት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከረጢቱ በጊዜ ይከፈታል፣ ብናኙም አይረጥብም።

ብናኝ ንጹህ ውሃ ሲያገኘው ውሃውን ስቦ ሊፈነዳ ይችላል። ዝናብ የገባበትን ወንዴ «ይደርቃል» ብላችሁ አታቆዩት። ጣሉት።

ማየት ለሚወድ፣ በተለይ ለተማሪዎች፦ ሦስት ወንዴ እንቡጥ ቁረጡ። አንዱ አረንጓዴና ትንሽ፣ ሁለተኛው ጫፉ ቢጫ መሆን የጀመረ፣ ሦስተኛው ዛሬ የተከፈተ ይሁን። ሦስቱንም በምላጭ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቋቸው። የመጀመሪያው ምሰሶ ለስላሳና አረንጓዴ ገርጣ ያለ ነው፤ ብትነኩት ጣት ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሁለተኛው ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዙ መስመሮች ይታያሉ፤ ሞልተዋል፣ ግን ዝግ ናቸው። ሦስተኛው ላይ እነዚያው መስመሮች ተሰንጥቀው ብናኙ ወጥቷል።

ደረጃ 4፦ የወንዴውን ቅጠል አንሡ

ቢጫውን ቅጠል ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ ላጡት። ዘንጉና ብናኝ የያዘው ምሰሶ ብቻ ይቅር። እጀታ ያለው መሣሪያ አገኛችሁ። ብሩሽ ብናኙን በጸጉሩ ውስጥ ይሰውረዋል፤ ቅባቱ ስላለ መልሶ አይለቅም። ከምሰሶው ግን በቀጥታ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ አትዘግዩ። የዱባ ብናኝ እርጥበቱን እንደያዘ የሚወጣ ዓይነት ነው፣ መድረቅን አይችልም። ጠዋት ሕያው የነበረው ከሰዓት በኋላ ይደክማል፣ በማግስቱ አብዛኛው ሞቶ ይገኛል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ነገ ልጠቀም ማለት ከዱባ ጋር አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ሴቴዋ ላይ አሹት

የሴቴዋን መቆንጠጫ አንሡ፣ ቅጠሏን ክፈቱ። ምሰሶውን በመቀበያዋ ላይ በቀስታ እያዞራችሁ አሹ። ሦስቱንም ክፍል፣ ከላይም ከጎንም አዳርሱ። ሁለተኛውን ወንዴ ወስዳችሁ ድገሙት። መቀበያዋ ላይ ቢጫው በዓይን መታየት አለበት።

ብናኙ ለምን መብዛት አለበት? ለእያንዳንዱ ዘር የራሱ ብናኝ ያስፈልገዋል። አንድ ትልቅ ዱባ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዘር አለ። ጥቂት ብናኝ ካገኘ ጥቂት ዘር ብቻ ይጸነሳል። ፍሬውን እንዲያድግ የሚያዘው ደግሞ ከዘሮቹ የሚመጣ ሆርሞን ነው። ዘር በሌለበት በኩል ፍሬው ይቀጭጫል። ባንድ በኩል አብጦ በሌላው የቀጠነ ዙኪኒ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መቀበያው ሁሉ ብናኝ አለማግኘቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በዓይን አታዩትም። ግን የማግስቱን ጥንቃቄ የሚወስነው እሱ ነው። ብናኙ መቀበያዋ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ያበቅላል። ቱቦው ወደ ታች፣ ወደ ትንሿ ዱባ ውስጥ ያድጋል፣ አንዱን እጩ ዘር ያገኛል። በር ላይ ሲነርጂድ የሚባሉ ሁለት ህዋሳት እንቁላሏን አጅበው ይጠብቃሉ። ቱቦውን በሚስብ ንጥረ ነገር የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ቱቦው በአንደኛዋ በኩል ይገባል። ያቺ ሲነርጂድ ትሞታለች፣ ቱቦውም እዚያው ፈንድቶ ሁለት የወንዴ ህዋሳት ይለቃል። አንዱ ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ይሆናል። ሌላው ከመሐለኛው ህዋስ ጋር ተዋሕዶ የፅንሱን ስንቅ ይሠራል። ካልሞተች መግቢያ የለም፣ መግቢያ ከሌለ ዘር የለም።

ሁለተኛዋስ? አረቢዶፕሲስ በሚባል የቤተ ሙከራ ተክል ላይ እንደታየው፣ የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካ ሁለተኛዋ ሌላ ቱቦ ትጠራለች። ከተሳካ ግን እሷም ሥራዋ ያበቃል፣ ሌላ ቱቦ አይመጣም። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ አንዲት ለዓይን የማትታይ ህዋስ መጠባበቂያ ሆና መጠበቋ ይገርመኛል። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ትርፍ ብናኝ ብክነት አይደለም።

የቱቦው ጉዞ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ እዚያው ቀን አበባዋን በውሃ አትርጩ፣ ቧንቧም ከላይ አትልቀቁባት። ውሃ ከሥር፣ መሬት ላይ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ዝጉ፣ ምልክት አድርጉ

የሴቴዋን ቅጠል መልሳችሁ ሰብስቡና በመቆንጠጫ ያዙ። ባለ ቀለሙን ክር በአንገቷ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁት ፍሬው ሲወፍር ያንቀዋል። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፉ።

ቅጠሉ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። «ገደልኳት እንዴ?» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። አልገደላችኋትም። የአበባው ቅጠል ሥራው ንብ መጥራት ነበር፤ ጨርሷል። ህዋሳቱ በትእዛዝ ይሞታሉ፣ ውስጣቸው የነበረውን ጠቃሚ ነገር ተክሉ ወደ ራሱ ይመልሳል። ስለዚህ ቶሎ አትንቀሉት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ራሱ ላላ ብሎ በትንሽ ንክኪ ይለቃል። ያኔ ግን አንሡት። ክረምት ላይ የሞተ ቅጠል ረጥቦ ፍሬው ጫፍ ላይ ከቆየ ይሻግታል፣ ሻጋታውም ወደ ፍሬው ይገባል።

ደረጃ 7፦ ሳምንቱን ተከታተሉ

ከተሳካ ትንሿ ዱባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትወፍራለች፣ ቆዳዋ ያብረቀርቃል፣ አንገቷ ወደ ታች ይዘነብላል። ካልተሳካ ከጫፏ ጀምራ ቢጫ ትሆናለች፣ ትጨማደዳለች፣ ትረግፋለች። ተክሉ ዘር ለሌለው ፍሬ ስንቁን አያባክንም።

የተዳቀለ ፍሬም ቢሆን ሊረግፍ ይችላል። ሐረጉ ላይ ቀድመው የያዙ ብዙ ፍሬዎች ካሉ ተክሉ አዲሶቹን ይጥላል። ዱባ ከሆነ በአንድ ሐረግ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ዙኪኒ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቁረጡት። በቆረጣችሁ ቁጥር ሌላ ይይዛል።

ደረጃ 8፦ ዘር ለማስቀረት ከፈለጋችሁ

ለመብል ከሆነ እስከዚህ በቂ ነው። ለዘር የሚሆነው ፍሬ ግን ሐረጉ ላይ ሙሉ በሙሉ መብሰል አለበት። ዙኪኒም ቢሆን ትልቅና ጠንካራ ይሁን፤ ጥፍር ቆዳውን መውጋት እስኪያቅተው ይጠብቁት። ከቆረጣችሁት በኋላም ለሦስት ሳምንት ያህል ጥላ ቦታ አቆዩት።

ምክንያቱ እዚህም ሞት አለ። ያ ለፅንሱ የተዘጋጀው ስንቅ በፅንሱ ይበላል፣ ህዋሳቱም ያልቃሉ። የበሰለ የዱባ ፍሬ ስትፈለፍሉ ነጩ ክፍል ሁሉ የፅንሱ ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ናቸው፤ ምግቡ ወደዚያ ተዛውሯል። ጠንካራው ቅርፊት ደግሞ ግድግዳቸውን አጠንክረው የሞቱ ህዋሳት ናቸው። ቀድማችሁ ካወጣችሁት ምግቡ ተዛውሮ አላለቀም፣ ቅርፊቱም አልጠነከረም። ሲደርቅ ስስና ባዶ ይሆናል።

ዘሩን አጥባችሁ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁት። ምጣድ አጠገብ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ከሱቅ የገዛችሁት ዘር ዲቃላ ከሆነ ልጁ እናቱን እንደማይመስል እወቁ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ከሰዓት በኋላ መሥራት። ከሥራ ሲመለሱ የሚያዳቅሉ አሉ፤ አይሆንም። እኩለ ቀን ሳይደርስ አበባው መዘጋት ይጀምራል፣ ብናኙም ይደክማል። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ሥሩት፤ የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው።

የተዘጋ አበባን በግድ መክፈት። ትናንት የተከፈተችን ሴቴ ዛሬ ፈልቅቆ ማዳቀል ድካም ብቻ ነው።

«ከአንድ ሐረግ የወጣ ወንዴ አይሆንም» ማለት። ይሆናል። ዱባ የራሱን ብናኝ አይገፋም።

ዩሪያ ማብዛት። ቅጠሉ ይንቦገቦጋል፣ አበባውና ፍሬው ይዘገያል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ ከሌለው ዩሪያውን አቁሙ።

«ከጎረቤት ዱባ ጋር ስለተዳቀለ ዙኪኒዬ ቅርጹ ተለወጠ» ማለት። የዘንድሮው ፍሬ ሥጋ የእናቱ ነው፣ ብናኙ አይለውጠውም። ለውጡ የሚታየው ከዘሩ በሚበቅለው በሚቀጥለው ተክል ላይ ነው። ዘንድሮ የተለየ ፍሬ ካያችሁ የተከላችሁት ዘር ራሱ ድሮውኑ የተዳቀለ ነበር። ስለ ምሬት ያልኩትን አስታውሱ።

ቲማቲምና ቃሪያን እንዲህ ማዳቀል። እነሱ ወንዴና ሴቴያቸው አንድ አበባ ውስጥ ነው። ጠዋት ላይ ቅርንጫፉን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል።

ውርጭን መርሳት። ከጥቅምት ጀምሮ ሜዳማ ቦታ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ዱባ ደግሞ ውርጭ አይችልም። በዚያ ሰሞን የሚከፈት ሴቴ ቢዳቀልም ፍሬው ለመብሰል ጊዜ አያገኝም። ጉልበታችሁን ነሐሴና መስከረም መጀመሪያ ላይ በተከፈቱት ላይ አውሉት።

ወንዴና ሴቴ አንድ ቀን አለመከፈት። አንድ ተክል ብቻ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይቸገራል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሦስት ተክል በሁለት ሳምንት ልዩነት ትከሉ። ለዘንድሮው ግን ጎረቤት ጠይቁ። ተመሳሳይ ዓይነት ዱባ ያለው ሰው ወንዴ አበባ አይነፍጋችሁም፤ ለሱ ትርፍ ነው። ጠዋት ከነዘንጉ ቁረጡና በካርቶን ወይም በሰሃን ይዛችሁ ኑ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ያልበዋል፣ ብናኙ ይረጥባል። ዝናብ ካለ ሃይላንዱን ድፉበት፣ ቤት እንደደረሳችሁም ወዲያውኑ አዳቅሉ።